በሆዴ ላይ የፈረመው ሰው

ካርቱም በኖርኩባቸው ዓመታት ከአፌ ብዙ ጊዜ የወጣው ቃል የቱ ነው ብትሉኝ ማሰብም አያስፈልገኝም፤ «ሓድር» ነው። እሺ፣ ታዛዥ ነኝ እንደ ማለት ነው። መዳም ሻይ ስትል ሓድር፣ መጋረጃው ይታጠብ ስትል ሓድር፣ ዛሬ የዕረፍት ቀንሽ ቢሆንም እንግዳ አለብን ስትል ሓድር። ለቤት ሠራተኝነት ወደዚያ አገር የሄደች ሴት ከሰላምታ ቀጥላ የምትማረው ቃል ይኸው ነው። ከቁጣ ያድናል፣ ነገር ያሳጥራል። እናቴም ስትሸኘኝ «ዝም አይነቅዝም፤ የታዘዝሽውን እየሠራሽ ዝም በይ» ብላኝ ስለነበር ቃሉና ምክሩ ገጠሙልኝ።

ይህ ቃል አንድ ቀን ሆዴን አስቀደደኝ። ሁለተኛ እንዳያስቀድደኝ የታገልኩባቸውን ሦስት ቀናት ነው የማጫውታችሁ።

ስሜ ዘሐራ ነው፤ የወሎ ልጅ ነኝ። ጊዜው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደቡብ ካርቱም ጀብራ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንዲት ሱዳናዊት ባልቴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ባለቤቴ ሰዒድ የወርቅ ቁፋሮ ብሎ ወደ ሰሜን በረሃ ከሄደ አምስት ወር አልፎታል። እዚያ ኔትወርክ ስለሌለ ወደ ከተማ የወጣ ዕለት ብቻ ይደውላል፣ እሱም በወር አንዴ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያ ልጄ ነጃት አራት ዓመቷ ነው፤ ግን እሷም አጠገቤ የለችም። በዘጠኝ ወሯ ወደ አገር ለሚገቡ ሰዎች አሳቅፌ ለእናቴ ላክኋት። በስልክ ስታናግረኝ «እትዬ» ትለኛለች። እማ የምትላት እናቴን ነው።

ልጄን ለምን እንደላክኋት ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ነጃትን ሳረግዝ ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ከአንድ ቤተሰብ ጋር እሠራ ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አረገዝሽ ብለው አላባረሩኝም፣ ይህ ደግሞ እዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ቀኔ ሲቃረብ የመዳም ባል፣ መምህር ስለነበረ «ኡስታዝ» እንለው ነበር፣ በራሱ መኪና ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። ዶክተሩ ብዙ አወራ። የኔ ዐረብኛ የኩሽና ዐረብኛ ነበር፤ የሽንኩርቱን፣ የመጥረጊያውን፣ የካውያውን ስም አውቃለሁ፣ ስለ ማሕፀን ግን አንዲት ቃል አላውቅም። ዶክተሩ ንግግሩን ጨርሶ ዐይን ዐይኔን ሲያየኝ መልስ እየጠበቀ እንደሆነ ገባኝና «ሓድር» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ጀርባዬ ላይ መርፌ ተወጋሁ፣ ከዚያ ከታች ያለው አካሌ የኔ መሆኑ ቀረ፣ ከዚያ የነጃትን ለቅሶ ሰማሁ።

ቁስሌ አመረቀዘ። ሦስት ወር ሙሉ ባልዲ ማንሳት አቃተኝ። ባልዲ የማታነሣ ሠራተኛ ደግሞ ለማን ትሆናለች? መዳም ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ልጅ አስገባች። ሰዒድ ያኔ የቀን ሥራ ላይ ነው፣ ማታ ደክሞ ይመጣል፤ ቀኑን እኔና ልጄ ብቻ ነን። ውኃ የሚቀዳልኝ፣ ቀና የሚያደርገኝ፣ ሾርባ የሚያሞቅልኝ ሰው አልነበረኝም። ልጄን አንሥቼ ወደ ጡቴ ለማምጣት እንኳ በመጀመሪያ ጥርሴን መንከስ ነበረብኝ። በመጨረሻ የማላሳድጋትን ልጅ ይዤ ከማበላሻት ብዬ ሰደድኋት። ያም ሆኖ ኡስታዝን አልረገምኩም። ልጅቷ ውስጥ ተቸግራ ሊያድኑን የቀደዱኝ ነበር የመሰለኝ፤ በየሶላቴ ዱዓ አደርግለት ነበር።

አሁን ሁለተኛውን ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ራሴ አምጬ መውለድ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ባልዲዬን ማንሳት፣ ልብስ አጠባዬን መቀጠል፣ ይህንን ልጅ ለማንም አለማሳቀፍ። ሁለተኛ ከተቀደድኩ ይህም ልጅ እትዬ ብሎ እንደሚያድግ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሰኞ ዕለት የክትትል ቀኔ ነበር። የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ከኔ የሚያንስ ይመስለኛል። የሆዴን ጠባሳ በጣቱ ነካ አደረገና ካርዴ ላይ እየጻፈ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ምግብ ሳልቀምስ እንድመጣ ነገረኝ። ኦፕራሲዮን ነው። ሓድር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም።

«ለምን?» አልኩት።

ብዕሩን አቆመ። ሀበሻ ሠራተኛ ለምን ስትል ሰምቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም። አንዴ የተቀደደ ማሕፀን ምጥ ሲበረታበት ስፌቱ ሊተረተር እንደሚችል፣ ያኔ እኔም ልጁም እንደምንጠፋ ነገረኝ። እናቴ ሰባት ልጅ ቤቷ ወልዳለች፣ እኔም ልሞክር አልኩት። ሳቀና ምጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሴትን እንዴት እንደሚያደክም ያስረዳኝ ጀመር። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ይሏችኋል ይህ ነው።

ጥግ ላይ የደም ግፊት የሚለኩ አንዲት አሮጊት አዋላጅ ነበሩ፤ ሁሉም ሐጃ ዘይነብ ይላቸዋል። ከሥራቸው ሳይነሡ የመጀመሪያው የት እንደተሠራና ወረቀቱ እንዳለኝ ጠየቁኝ። የለኝም። «የቆዳሽ ጠባሳ የውስጡን አይናገርም፣ ያ በቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ውስጡ ታች በአግድም የተቀደደ ከሆነ፣ የተቀደደበትም ምክንያት የማይደገም ከሆነ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ተዘጋጅቶ እዚሁ የሞከሩ ሴቶች አይተዋል። ዶክተሩ ደስ አላለውም። እሳቸውን ግን መናገር አልደፈረም።

«ወረቀቱን አምጪ» አለኝ። «ያለ ወረቀት አልነካሽም። ስትመጪም ወሊሽን ይዘሽ ነይ፤ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል።»

ወሊ ማለት ኃላፊ ነው፤ ባል፣ አባት፣ ወንድም። የኔን ወሊ በረሃ ውስጥ አሸዋ ሲነፋ ላገኘው እንደማልችል አልነገርኩትም። አንዱን ችግር ስጨርስ ወደ ሌላው እሄዳለሁ አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ባሕሪ ተሳፈርኩ። ድልድዩ ላይ መኪናው ቆሞ ቀረ፤ ሙቀቱ ሌላ ነው። እግሬ አብጦ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሆዴን አይታ ብቻዬን መሆኔን ጠየቀችኝ። ብቻዬን ነኝ ስላት «ማስኪና» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ያን ቃል በጣም ነው የምጠላው። ምስኪን የሚልሽ ሰው ቦታ አይለቅልሽም።

ክሊኒኩ እንዳለ ነው። መዝገብ ቤቱን የያዙት መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሽማግሌ ነበሩ። የአራት ዓመት ፋይል ስላቸው ቡክራ ነይ አሉኝ። ሱዳን ውስጥ የኖረ ሰው «ነገ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ነገ የሚባለው ቀን የለም ማለት ነው። ሓድር ማለትና መሄድ ነበረብኝ። በዚያ ፈንታ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የቀትሩ አዛን እስኪሰማ ድረስ እሳቸው እኔን፣ እኔ እሳቸውን ስናይ ቆየን። ሶላታቸውን ሰግደው ሲመለሱ ያው ነኝ። ተነፈሱና ወደ ውስጥ ገቡ፤ አቧራ የጠጣ ፋይል ይዘው ወጡ።

ዐረብኛ ማንበብ ስለማልችል እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። እያነበቡ፣ ባልገባኝ ቦታ በቀላል ቃል እየመነዘሩ ነገሩኝ። አቀዳደዱ ታች፣ በአግድም። አልሐምዱሊላህ አልኩ። የልጁ አቀማመጥ ደህና፣ የልብ ምቱ ደህና። ምጥ፣ አልጀመረም።

«አልጀመረም?»

«አልጀመረም» አሉ። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉና ወደ ወረቀቱ ተጠጉ። «ምክንያት፣ በቤተሰብ ጥያቄ።»

የማን ቤተሰብ? ያኔ ካርቱም ውስጥ ሰዒድ ብቻ ነበረኝ፤ እሱም ወሬውን የሰማው ከወለድኩ በኋላ ነው። ሽማግሌው ገጹን ገለጡና ከታች ያለውን ፊርማ አሳዩኝ። የወሊ ፊርማ በሚለው መስመር ላይ የኡስታዝ ስም ነበር። ዝምድና በሚለው ላይ «አሠሪ» ተብሎ ተጽፏል።

ያን ጊዜ ያ ሳምንት ተመለሰልኝ። የመዳም እኅት ካይሮ ልታገባ ነበር። ሻንጣዎቹን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቤተሰቡ ዓርብ ሊበር ነው፣ እኔ ደግሞ ምጤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ባዶ ቤት ትተውኝ መሄድ ከብዷቸው ሐሙስ ዕለት አስጨረሱልኝ። ክፋት አልነበረም። ለኔ አስበው ነው፣ ሊያስቡ የቻሉት ግን ከበረራው ሰዓት ጋር ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ የቸኮሉት እነሱ፣ አራት ዓመት የለቀምኩት እኔ።

ከሁሉ የመረረኝ ግን የመጨረሻው መስመር ነበር። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። «ታካሚዋ ተጠይቃ ተስማምታለች።»

ውሸት ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ውሸት አልነበረም። ሓድር ብያለሁ። ነጃትን ከእቅፌ ያወጣት ኡስታዝ ብቻ ሳይሆን የራሴ አፍ ነው። እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በራሴ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም። ለሰዒድ ደወልኩ። አይገኝም። ለእናቴ ልደውል ነበር፣ ግን ምን ልላት? ዝም ይነቅዛል ልላት? ስልኩን አስቀመጥኩት።

ሽማግሌው ፎቶ ኮፒውን ራሳቸው ማዶ ካለው ሱቅ አስነሥተውልኝ መጡ። ከዚያ ባዶ ወረቀት አወጡና፣ ዶክተሮች ወሬ ስለማይሰሙ የምፈልገውን በደህና ዐረብኛ እንደሚጽፉልኝ ነገሩኝ። ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝና ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁ። ስለ ሆዴ ምን እንደምፈልግ ሰው ጠይቆኝ ስለማያውቅ መልሱን ከየት እንደማመጣው ጠፋኝ። እንዲህ እያልኩ ጀመርኩ፤ ልሞክር። ሰዓት አይቶብኝ በመድኃኒት የሚያስቸኩለኝ ሰው አይኑር። ልጄ ከተቸገረ ቅደዱኝ፣ እንቢ አልልም፤ ግን መጀመሪያ ለኔ ንገሩኝ፣ በቀስታ፣ በሚገባኝ ቃል። እሳቸው ጨርሰን እንደሆነ ሲያዩኝ አንድ ጨመርኩ።

«ማንም በኔ ፈንታ እንዳይፈርም ይበሉልኝ፣ አባቴ።»

ወደ ጀብራ ስመለስ ያን ወረቀት ከደረቴ ሥር ይዤ ነበር። ረቡዕ ለዶክተሩ አሳየዋለሁ ብዬ ተኛሁ። ልጄ ግን የራሱ ቀጠሮ ነበረው። የንጋቱ አዛን እያለ ወገቤን ያዘኝ። ባልቴቷ አከራዬ ረክሻ ጠርታ አሳፈረችኝ፤ የሷም ጉልበት አይሄድላትም፣ ከበር ላይ ቆማ ዱዓ አደረገችልኝ። ባለ ሦስት እግሯ ተሽከርካሪ በየጉድጓዱ ስትዘል እኔ ከኋላ ብረቱን ይዤ ወረቀቶቼን ስቆጥር ነበር። አሉ፤ ሁለቱም አሉ።

ያው ወጣት ዶክተር ተረኛ ነበር። የክሊኒኩን ወረቀት ሁለቴ አነበበው። ምክንያት የሚለው ጋ ሲደርስ ግንባሩ ተኮሳተረ። ከዚያ ሽማግሌው የጻፉልኝን አነበበ፤ የመጨረሻውን መስመር ካነበበ በኋላ ወሊዬ የት እንዳለ ጠየቀኝ። በረሃ። አባት? ሞቷል። ወንድም? አገር ቤት። ታዲያ ምጡን ለመሞከር አደጋውን ተቀብያለሁ ብሎ ማን ይፈርማል አለ።

«እኔ» አልኩት።

ደንቡ እንደማይፈቅድ ሊያስረዳኝ ሲጀምር ሐጃ ዘይነብ ከኋላው መጡ። «ባሏ ከበረሃ እስኪመለስ ልጁ ውስጥ ይቆይ ልትላት ነው?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም ሳይወድ ፈገግ አለ። ቅጹን ሰጠኝ። የወሊ ፊርማ በሚለው መስመር ላይ ጣቱን አኖረልኝ። በአማርኛ፣ ስድስተኛ ክፍል በተማርኩት የእጅ ጽሑፍ፣ ረጋ ብዬ ዘሐራ ብዬ ጻፍኩ። ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስሜ ነው አልኩት።

እስከ ዐሥር ሰዓቱ አዛን ድረስ ብቻ እንደሚጠብቀኝ ነገረኝ። ቲማቲም እንደምገዛ ተከራከርኩት፤ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ። የልጁ ልብ ደህና እስከሆነ ድረስ፣ አለ። ተስማማን።

ክፍሉ ውስጥ አምስት አልጋ ነበር። ሌሎቹን አራቱን እናቶች፣ አክስቶች፣ እኅቶች ከበዋቸዋል፤ ቴርሞስ ይከፈታል፣ ወገብ ይታሻል፣ እግር ይዳበሳል። የኔን አልጋ የከበበው ግድግዳ ነው። ሴቶቹ ደግ ናቸው፣ ቴምር ሰጡኝ፤ ግን አንዷ ጨርሳ ሌላዋ እየተነሣች «ሀበሺያ፣ እናትሽ የት አለች?» ትለኛለች። ስድስቴ መለስኩ። ሰባተኛዋ ስትመጣ የተኛሁ መሰልኩ። በኛ በወሎ ምጥ ሲመጣ እስላሙም ክርስቲያኑም ማርያምን ነው የሚጠራው፤ እኔም ሲበረታብኝ «ማርያም፣ ማርያም» እያልኩ ስጮኽ፣ ሴቶቹ ማርያም የምትባለዋ እኅቴ መቼ እንደምትመጣ ጠየቁኝ። ትመጣለች አልኳቸው።

ቀትር አለፈ። ሐጃ ዘይነብ እየመጡ ሆዴ ላይ ቀንድ የምትመስል መሣሪያ ደግነው ያዳምጣሉ፣ በርቺ ይሉኛል። ከዐሥር ሰዓት በፊት ከግማሽ በላይ እንደሄድኩ ነገሩኝ። እመኑኝ፣ ያን ያህል ሕመም ውስጥ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባልዲዬ ታየኝ። ልጄን በአንድ እጄ ይዤ ባልዲውን በሌላው ሳነሣ ታየኝ።

የዐሥር ሰዓቱ አዛን ካለቀ በኋላ ሐጃ ዘይነብ እንደገና አዳመጡ። ቀና ብለው ሌላኛውን ጎን አዳመጡ። ወጡና ዶክተሩን ይዘው ተመለሱ፤ አንዲት በእጅ የምትያዝ መሣሪያም ይዘዋል። ዶክተሩ መጀመሪያ ራሱ አየ። ከዚያ ከሰኞ ጀምሮ አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ዐይኑ ከዐይኔ እኩል ሆነ።

«መጀመሪያ ንገሩኝ ብለሽ ጽፈሻል፤ ልነግርሽ ነው» አለኝ በቀስታ። «ምጡ በመጣ ቁጥር የልጁ ልብ ይደክማል፤ ለመመለስም እየዘገየ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ራሱ ሊወጣ ይችላል። ላይወጣም ይችላል። እኔ ብሆን አልጠብቅም።»

«እኅትህ ብሆን?»

«እኅቴ ብትሆን አሁን ይዣት እገባለሁ።»

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ቃል ቃል ነው ብዬ ብሟገተው አይከለክለኝም ነበር። ስልኬን አነሣሁና ለሰዒድ ደወልኩ። አይገኝም። ስልኩ ዝም ሲል ምን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከትናንት ጀምሮ ያንገበገበኝ ውሳኔው የኔ አለመሆኑ ነበር፤ አሁን የኔ ሲሆን ደግሞ ተቀበለኝ የምለው ሰው ፈለግሁ። ሓድር ለምን እንደሚቀል ያን ጊዜ ገባኝ። ሓድር ያለ ሰው ቢጠፋም አልጠፋሁም ይላል፤ ያዘዘው ሌላ ነዋ።

የልጄን ልብ እንዲያሰሙኝ ጠየቅሁ። ሐጃ ዘይነብ መሣሪያዋን ሆዴ ላይ አኖሩና ድምፁን ከፍ አደረጉት። ሽር ሽር እያለ በፍጥነት ይመታል። ምጡ መጣ። ምቱ ራቀ፣ ራቀ፣ ዳገት ላይ እንደደከመው ሰው እርምጃ ሆነ። ምጡ ከሄደ በኋላም ቶሎ አልተመለሰም። ያ ልጅ ከኔ በቀር ማንም የለውም፤ እኔ ደግሞ ባልዲ እያሰብኩ ነው። አፈርኩ። አለቀስኩ ብል ውሸት ነው፣ ጊዜ አልነበረም።

«ግባ» አልኩት። «ቅደደኝ። ተስማምቻለሁ።»

ሁለተኛውን ቅጽ አመጡ። ምጥ ላይ ሆኜ ስለፈረምኩት ራ የምትለዋ ፊደል ወደ ታች ተንሸራታ ከመስመሩ ወጥታለች። መስመሩ ግን ያው የወሊ መስመር ነው፤ ማንም ሌላ ስም አልጠየቀኝም።

ወንድ ልጅ ነበር። እትብቱ አንገቱ ላይ ሁለቴ ተጠምጥሞ ነው ያወጡት፤ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ ጮኸ። ዶክተሩ ከመጋረጃው በላይ ብቅ ብሎ እያንዳንዱን ነገር ይነግረኝ ነበር፤ አሁን እየሰፋሁ ነው፣ አሁን ሁለተኛው ስፌት ነው፣ የድሮው ቦታ ደህና ነው። ስፌቱ ሳያልቅ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ቀጠሯችን ደረሰ ማለት ነው።

ወደ አልጋዬ ሲመልሱኝ ከጎኔ ያለችው ሴት ወልዳ እልልታው ቀልጧል። ለኔ እልል የሚል የለም። ራሴ ልል ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ሆዴ እንቢ አለኝ። ልጁን አቅፌ «ጎሽ የኔ ጌታ፣ ጎሽ» እያልኩ ሳባብለው ወለሉን የምትወለውል ሴት ከአልጋዬ ግርጌ ቆመች። ፊቷን በሻሽ ሸፍናለች፣ ዐይኗ ብቻ ይታያል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እኅቴ» አለችኝ፣ በጎጃም አማርኛ።

ስሟን ልጠይቃት ስል አለቃዋ ከኮሪደሩ «ያላ» ብሎ ጠራት። ባልዲዋን አንሥታ ሄደች። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ሦስት ቀን የያዝኩትን በሙሉ።

ሰዒድ ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ደወለ። ሁሉንም አጫወትኩት። ደስ አለውና «ታዲያ መጨረሻው ያው አይደል? ከመጀመሪያው እሺ ብትያቸው ይህ ሁሉ ድካም አይኖርም ነበር» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም ሰዒድ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ኔትወርኩም ጠፋ።

መልሱን ለእናንተ ልስጥ። አዎ፣ ተቀድጃለሁ። ይህኛውም ቁስል ያማል፣ በዚህኛውም ጊዜ ባልዲ የሚያነሣልኝ ሰው አልነበረም፤ አከራዬ የምትችለውን ያህል ረዳችኝ፣ የቀረውን ቀን በጣሳ በጣሳ እየቀዳሁ አሳለፍኩት። ግን የመጀመሪያው ቁስሌ ሲያመኝ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ይህ ሲያመኝ ለምን እንደሚያመኝ አውቃለሁ፤ ምክንያቱ አጠገቤ ተኝቶ ይጠባል። ልጁን ለማንም አላሳቀፍኩም።

የምታነቡኝ እኅቶቼ፣ ኦፕራሲዮን እንቢ በሉ እያልኳችሁ አይደለም። እኔ ራሴ እንቢ ብዬ ብቀር ዛሬ ይህንን የምጽፍበት ልብ አይኖረኝም ነበር። እሺ ከማለታችሁ በፊት ለምን በሉ ነው የምለው። የተሠራላችሁንም ወረቀት ጠይቁ፤ ነገ ነይ ቢሏችሁ ተቀመጡ።

ጦርነቱ ሲመጣ ከካርቱም የወጣነው በለበስነው ልብስ ነው። ያ ሆስፒታል ዛሬ ይኑር አይኑር፣ ሐጃ ዘይነብ፣ ያ ዶክተር፣ ባለ መነጽሩ ሽማግሌ የት እንደገቡ አላውቅም። እኔ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ፣ ፓስፖርቴንና አራቱን ወረቀቶች፣ የክሊኒኩን፣ የሽማግሌውን፣ ከሆስፒታል ስወጣ ጠይቄ የተቀበልኳቸውን የሁለቱን ቅጾች ቅጂ፣ በፌስታል ጠቅልዬ አገሬ ገባሁ። አሁን እናቴ ቤት ነኝ።

በቀደም ነጃት ፌስታሉን ፈትታ ወረቀቶቹን መሬት ላይ ዘርግታ አገኘኋት። ዘንድሮ ፊደል ጨርሳለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ዐረብኛው ተዝረክርኮባት ቆይታ ሁለቱ ወረቀቶች ግርጌ ላይ የምታውቀው ነገር አገኘች። አንዱ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ከመስመር ወጥቶ የተጻፈ። ቤት ውስጥ ሁሉም «ዙዙ» ነው የሚለኝ፤ እሷ ደግሞ እስካሁን እትዬ ነው የምትለኝ።

«እትዬ፣ ሁለቱም ላይ ዘሐራ ይላል» አለችኝ። «ዘሐራ ማናት?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።